በቀይ ጨርቅ የታሰረው የፍቺ መዝገብ

ጡረታ በወጣሁ ዕለት፣ በሽኝቱ ላይ፣ የሬጅስትራር ኃላፊያችን ማይክ ይዞ «ወይዘሮ ታደለች በሠራችባቸው ዓመታት ሁሉ በእጇ አንድም መዝገብ ጠፍቶ አያውቅም» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ለራሴ ማጨብጨቤን ያወቅሁት አጠገቤ የተቀመጠችው የችሎት ጸሐፊ በክርኗ ጎንተል አድርጋኝ ስትስቅ ነው። ክው ብዬ እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ኬክ ተቆረሰ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ ፎቶ ተነሣን፤ እኔ ግን ከዚያች አረፍተ ነገር ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም። ኃላፊው አልዋሸም። በእጄ የጠፋ መዝገብ የለም። አንዱ የጠፋው እግሬ ሥር ነው።

ይህን ለልጆቼም ለባልደረቦቼም ተናግሬ አላውቅም። አሁን የምጽፈው ማኅተሙንም ቁልፉንም ስላስረከብኩ፣ የምፈራው አለቃም ስለሌለ ነው። ደፋር ሆኜ እንዳይመስላችሁ።

የተወለድኩት ወላይታ ነው። ታይፕ ተምሬ ከሐዋሳ ወጣ ባለች አንዲት ወረዳ ፍርድ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ አንድ ፊደል ተሰርዞ ካየ ገጹን በሙሉ እንደገና የሚያስመታ ዳኛ ነበር። ሲቆጣ ድምፁ ገበያ ድረስ ይሰማል። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። አራት ዓመት ቆይቼ ወደ ሐዋሳ ተዛወርኩ። ስደርስ የታይፒስቶቹ ክፍል ሞልቶ ጠበቀኝና «ለጊዜው መዝገብ ቤት ግቢ» ተባልኩ። ያ ለጊዜው እስከ ጡረታዬ ዘለቀ። መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ እንደ «ለጊዜው» ዕድሜው የሚረዝም ነገር አላየሁም። ሌላ «ለጊዜው» ደግሞ በኋላ ይመጣል፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

መዝገብ ቤቱን ይመሩ የነበሩት ጋሽ ጋቢሶ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ የማያወርዱ ሰው። በሲዳምኛ ይቆጣሉ፣ በአማርኛ ያስታርቃሉ። እኔ ደግሞ አጭር ነኝ፤ ወንበር ላይ ስቀመጥ እግሬ መሬት አይነካም። በመጀመሪያው ቀን ከላይ እስከ ታች አይተውኝ «የላዩ መደርደሪያ የኔ፣ የታቹ ያንቺ፤ የመሃሉን እንደ ጉልበታችን እናያለን» አሉኝ። እንደዚያው ሠራን።

ጋሽ ጋቢሶ «የለም» የሚለውን ቃል ተቀምጠው አይናገሩም። ባለጉዳይ መዝገብ ሲጠይቅ መጀመሪያ ባሕር መዝገቡን ይገልጣሉ፤ ባሕር መዝገብ ማለት ወደ ፍርድ ቤቱ የገባ ጉዳይ ሁሉ በተራ ቁጥር የሚጻፍበት ትልቁ ደብተር ነው። ከዚያ ተነሥተው መደርደሪያው ዘንድ ይሄዳሉ። እዚያም ካጡት ተመልሰው ይመጡና፣ እንደቆሙ፣ የባለጉዳዩን ዓይን እያዩ «እስካሁን አላገኘሁትም» ይላሉ። እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ «የለም» ካልኩ ግን ጉዴ ፈላ።

«አላገኘሁትም በይ እንጂ፣ የለም የምትይ አንቺ ማን ነሽ?» ይሉኛል፣ ባለጉዳዩ ፊት።

ሌላው ልማዳቸው ደግሞ በጣም ያናድደኝ ነበር። ባለጉዳይ ሲያወራ አያቋርጡም። ወረፋው ደጅ ድረስ ተሰልፎ እያለ፣ ሰውየው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዳኛው ካፖርት፣ ስለ አማቱ ሲዘባርቅ፣ ማመልከቻውን ገልብጠው ጀርባው ላይ በእርሳስ ይጽፉታል። አንድ ቀን ሚስቱን የፈታበትን ዓመት የማያስታውስ ሰው መጣ።

«እኔ እንጃ ጋሼ» አለ። «ፊቼ ሊሆን ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ጉዱማሌ ሰዉ የበዓሉን ሜዳ ሲያጸዳ እያየሁ፣ እያለቀስኩ አልፌያለሁ።»

«ዳኛው ወንድ ነበር ሴት?»

«ሴት። ነፍሰ ጡር ነበረች።»

ጋሽ ጋቢሶ ጻፉት፤ እርሳሱን ጆሯቸው ላይ መልሰው ሰኩና ተነሡ። ዳኛዋ የወለደችበትን ዓመት ያውቃሉ፤ አራስ ጥየቃ ሄደው ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መዝገቡን አቧራውን እያራገፉ ይዘውት መጡ።  ሰውየው የማይረባ ነገር የሚያወራ መስሎኝ ስቆጣ፣ ለካ መንገዱን እየነገራቸው ነበር።

ሥራ ስጀምር የተፋታ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ተመልሶ የሚመጣ አይመስለኝም ነበር። ይመጣል። ሊያገባ ሲል ይመጣል፣ ቤት ሊሸጥ ሲል ይመጣል፣ ውጭ አገር ሊሄድ ሲል ይመጣል። አንድ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ለውጭ ትምህርት ብሎ የፍቺ ውሳኔውን ግልባጭ ወሰደና እዚያው መስኮቱ ላይ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እንዲህ ብላ ነበር እንዴ?» አለኝ።

እኔን ነው የሚጠይቀው! ሚስቱ ፊት ለፊቱ ቆማ ለዳኛ ስትናገር እሱ እዚያው ነበር፤ ቃሏን የሰማው ግን ያን ቀን ነው። በጣም ደነገጥኩ። ሰው እንዴት አጠገቡ የተነገረውን አይሰማም ብዬ ማታ ለባሌ አወራሁለት። በሰውየው ስፈርድ ትዝ ይለኛል።

የፍቺ መዝገብ መፈለግ የራሱ ዘዴ አለው። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አይበቃም፤ በሐዋሳ ሦስቱም ስም አንድ የሆነ ስንት ሰው አለ። ዓመቱ ያስፈልጋል፣ ችሎቱ ያስፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማን እንደከፈተው ያስፈልጋል። ጠያቂው መታወቂያ ይዞ ማመልከቻ ይጽፋል፤ ባለመዝገቡ ወይም ውክልና ያለው ሰው ካልሆነ አንሰጥም። ከዚያ እያንዳንዱ ገጽ «ትክክለኛ ግልባጭ» ተብሎ ይታተማል። አንድ ገጽ ማኅተም ካመለጠው ሰውየው ከሌላ ከተማ ድረስ ይመለሳል፤ ስለዚህ እኔ እንደ ጸሎት ነበር የምቆጥረው።

በስምምነት የሚፋቱት ደግሞ ለብቻቸው ናቸው። ሁለቱም ፈርመው አብረው ስለሚያመለክቱ ከሳሽና ተከሳሽ የላቸውም። ባሕር መዝገቡ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው አመልካች ስም ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ባልየው። ሚስትየው በስሟ ብትፈለግ አትገኝም። ጋሽ ጋቢሶ ይህን ስለሚያውቁ የስምምነቶቹን ለይተው ያስቀምጧቸዋል። ከአራትና ከአምስት ገጽ አይበልጡም፤ ሲባጎ ይቆርጣቸዋል። ስለዚህ የችሎቱ ጠረጴዛ ልብስ አርጅቶ ሲጣል ጨርቁን ለምነው ወሰዱና በቀጭኑ ቀደዱት። ቀይ ነበር። የስምምነት ፍቺ ሁሉ እየተጠቀለለ በቀይ ጨርቅ ይታሰራል፤ አንዳንዴም ባልና ሚስቱ እዚያው ቆመው እያዩ። ጥቅሎቹ ላይ ምንም አይጻፍም። የትኛው ጥቅል የትኛው ዓመት እንደሆነ እሳቸው በቃላቸው ያውቁታል።

እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ በጥቂት ወር ውስጥ ወደ አዲሱ ሕንፃ ተዛወርን። መዝገቡ በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ። አዲሱ አለቃዬ ትሁት፣ ፈጣን፣ ሁሉ ነገር በኮምፒውተር ካልሆነ የማይዋጥለት ወጣት ነበር። መደርደሪያው ከላይ እስከ ታች ሞላ። ወዛደሮቹ የተረፉትን ጥቅሎች ይዘው «እትዬ፣ እነዚህ ምንም አልተጻፈባቸውም፣ የት እናድርጋቸው?» አሉኝ።

«ለጊዜው ጠረጴዛዬ ሥር» አልኳቸው።

መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ልጆች ከመደርደሪያ እያወረዱ ነው ያስገቡት። ጠረጴዛ ሥር ማን ያያል? ባሕር መዝገቦቹም ግምጃ ቤት ተቆለፈባቸው። አዲሱ ወለል ብርድ ነበር፤ እኔም አጭር ነኝ አልኳችሁ። እግሬን የማሳርፍበት አገኘሁ። ዓመት ሲቆይ ጥቅል መሆኑንም ረሳሁት፤ አቧራው ለብሶት፣ ጫማዬ ጠፍጥፎት፣ ልክ የወንበሩ አካል መስሎኝ ነበር።

ብርቅነሽ የመጣችው አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። አርባዎቹ ውስጥ ያለች ሴት፣ የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ማውለቅ ረስታ ነው የመጣችው። መናኸሪያ አካባቢ በራሷ ቤት የተማሪ ደንብ ልብስ ትሰፋለች።

«እትዬ፣ የፍቺ ውሳኔዬን ግልባጭ ፈልጌ ነበር።»

«በእጅሽ ያለውስ የት ሄደ?»

«እናቴ ዘንድ አገር ቤት አስቀምጬው ምስጥ በላው።»

«ለምን ፈለግሽው?»

ሳቅ አለችና አንገቷን ሰበር አደረገች። «ላገባ ነው።»

ሊያገባት ያሰበው «ወንድም ታምራት» የምትለው የቤተ ክርስቲያኗ ሰው ነው፣ ሚስቱ የሞተችበት። ጋብቻቸው በጉባኤ ፊት ሊነገር ነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን መጀመሪያ የፍቺ ወረቀቷን አምጪ አሏት። ስሟን ኮምፒውተሩ ላይ መታሁት። አልተገኘም። የባሏን ስም ጠየቅኋት፤ ሳሙኤል አለችኝ፣ ከነአባቱ። መታሁት። አልተገኘም። እሷ ማውራቷን ቀጠለች፤ ስለዚያ ቀን፣ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ አንድ ነገር። እውነቱን ልናገር፣ ምን እንዳለች አላስታውስም። ወረፋው ረጅም ነበር። «የፍቺ መዝገብ በፍርድ ቤቱ አልተገኘም» የሚል ደብዳቤ መትቼ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም አድርጌ ሰጠኋት። ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ ደልደል ያለ፣ ሽቶ የተቀባ ሰው መጣ። ስሙ ሳሙኤል ነው። ዲላ ይኖር እንደነበር፣ አሁን ወደ ሐዋሳ እንደተመለሰ ነገረኝ።

«ለባለቤቴ የሰጣችኋትን ዓይነት ደብዳቤ ለኔም ብትሰጡኝ» አለ፣ በትሕትና።

ባለቤቴ አለ። ጆሮዬ ሰምቶታል፣ ልቤ ግን አልጠየቀም። ኮምፒውተሩም ያው ነው፤ አልተገኘም። ደብዳቤውን ሰጠሁት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እናቴ» ብሎኝ ሄደ። እኔም ጨዋ ሰው ነው ብዬ ነበር፣ አፈር ልብላ!

ከዚያ ደግሞ ከአንዱ ችሎት ትእዛዝ መጣልኝ፦ የእነዚህ ሰዎች የፍቺ መዝገብ ካለ ተያይዞ እንዲቀርብ፣ ከሌለም እንዲገለጽ። በቀን ስንት እንዲህ ያለ ትእዛዝ ይመጣል። የድሮውን ደብዳቤ ከኮምፒውተር አውጥቼ፣ ቀኑን ቀይሬ ላክሁት። ሦስት ጊዜ ተጠየቅሁ፣ ሦስት ጊዜ ካድሁ፤ ዶሮ የሚጮህልኝም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በችሎቶቹ ኮሪደር ሳልፍ ብርቅነሽን አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አየኋት። ከስታለች። ሜትሩ አንገቷ ላይ የለም። እኔ ደግሞ ወሬኛ ነኝና ቆምኩ።

«እህቴ፣ ሠርጉስ እንዴት ሆነ?» አልኳት እየሳቅሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። «ከድሮው ባሌ ጋር ነኝ፣ እትዬ» አለች። «ፍቺ የለም ተብሎ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከጎኗ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው የነገረችኝ። ደብዳቤዬን ለሽማግሌዎቹ ስትሰጥ ጋብቻው ቆመ። ወሬው ዲላ ደረሰ። ሳሙኤል ሻንጣውን ይዞ መጣና፣ ከፍቺው በኋላ እሷ ብቻዋን በሠራችው ቤት በር ላይ ቆሞ «ሚስቴ ናት፣ ግማሹ ቤት የኔ ነው» አለ። ክስ መሠረተ። ፖሊስ ስትጠራ የባልና የሚስት ጉዳይ ነው አሏት። የሰፈር ሽማግሌ ስትጠራ ታረቁ አሏት። ፊት ለፊት ባለው ክፍል፣ ደንብ ልብስ በምትሰፋበት፣ ፍራሹን አነጠፈ። እሷ ከውስጥ ክፍል በሩን በቁም ሳጥን እያስደገፈች ነው የምትተኛው። አሥራ አንድ ወር ሆኗታል።

«ወንድም ታምራትስ?»

«ጠበቀኝ። እስከ ክረምቱ ጠበቀኝ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ መከሩት። የሰው ሚስት አትጠብቅ አሉት።»

የክሱን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ማስረጃ አንድ የሚለውን ገለጥኩ። የኔ ፊርማ። የኔ ማኅተም፣ ክቡ ምንም ያልተጣመመ፣ ጥርት ያለ። ጌታ ሆይ!  የተፋታችን ሴት እኔ በማኅተም መልሼ ድሬያታለሁ። ደግሞም የዳርኳት መፋታቱን ራሱ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ የፍቺው ወረቀት አለመገኘቱን ከኔ ሰምቶ ነው የመጣው።  ወረቀቱን መልሼላት ተነሣሁ፤ ይቅርታ እንኳ አላልኳትም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቄ እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ጋሽ ጋቢሶ ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። እርሳስ ግን ጆሯቸው ላይ አለ፤ ምን ሊጽፉበት እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቅ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እንደ ልማዳቸው ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«የለም ስትይ ቆመሽ ነው ተቀምጠሽ?» አሉኝ።

«ተቀምጬ።»

«ለሦስቱም?»

«ለሦስቱም፣ ጋሼ።»

 በሲዳምኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር፣ አልተቆጡኝም። «ክስ ነው ስምምነት?» አሉ።

«አልጠየቅኋትም።»

«ተጣልተው ቢሆን ኖሮ እሷም መጥሪያ ደርሷት፣ ቀጠሮ ተመላልሳ፣ የመዝገብ ቁጥሯን በቃሏ ታውቀው ነበር። ቁጥር ካልያዘች ስምምነት ነው። አንድ ቀን መጥተው ፈርመው የሄዱ ናቸው። በይ፣ የስምምነቶቹን በምን ነበር የማስራቸው?»

«በቀይ...» አልኩና አፌ ላይ ቀረ።

በቀይ ጨርቅ። ያን ሰዓት በሐሳቤ የታየኝ መደርደሪያ አይደለም። ጫማዬ ነው የታየኝ። ጫማዬ ሥር፣ አቧራ የጠጣው፣ ቀለሙ ወደ ቡና ዓይነት የሄደው የጨርቅ ቋጠሮ። ጋሽ ጋቢሶ «ምነው? ምነው ልጄ?» እያሉ ሲጣሩ ደህና ይሁኑም ሳልላቸው ባጃጅ ውስጥ ገብቻለሁ።

ሥራ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀር ደረስኩ። በሩን ዘግቼ ተንበረከክሁ። ዘጠኝ ጥቅል ነበር። የመጀመሪያውን ፈታሁ፣ አይደለም። ሁለተኛው አይደለም። ሦስተኛው ውስጥ፣ ከላይ አራተኛው ላይ፣ ስማቸው ጎን ለጎን ተጽፏል፤ አንደኛ አመልካች ሳሙኤል፣ ሁለተኛ አመልካች ብርቅነሽ። አምስት ገጽ። የሱ ፊርማ በሁለት ቦታ። ሽፋኑ ላይ ደግሞ ጎድጎድ ያለ ምልክት ነበር። ጣቴን አሳለፍኩበት። የጫማዬ ተረከዝ ነው። መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የማለቅሰው ስላገኘሁት ነው ወይስ ስለነበረበት ቦታ፣ እስከ ዛሬ መለየት አቅቶኛል።

በማግሥቱ መዝገቡን ለችሎቱ ወሰድኩ። ዳኛዋ ገጹን ገልጣ አነበበችና ሳሙኤልን «ይህ ፊርማ የማን ነው?» አለችው።

አየው። አገላብጦ አየው። «የኔ ነው፣ ክብርት ዳኛ። ረስቼው ነው» አለ።

ፍቺውን ረስቶት ነው! ችሎቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ፤ ሥነ ሥርዓት አስከባሪው ጠረጴዛ መምታት ነበረበት። ክሱ ተዘጋ፤ ሰውየው ቤቱን ለቀቀ። ብርቅነሽ ኮሪደር ላይ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ፤ እጄን ልትስም ስትል ነጠቅኋት። የት እንዳገኘሁት ጠየቀችኝ። «ከአሮጌ ጥቅሎች መካከል» አልኳት። ለአለቃዬ በጻፍኩት ሪፖርትም ያንኑ ነው ያልኩት፦ በተደረገ ጥብቅ ፍለጋ ከአሮጌ ጥቅሎች መካከል ተገኝቷል። አለቃዬ ደስ ብሎት የምስጋና ደብዳቤ ጻፈልኝ። መስታወት ውስጥ ገብቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ጉድ በሉ! ጥፋቴን ፈርመው፣ ማኅተም አድርገው ሸለሙኝ፤ እኔም ተቀበልኩ።

በጥቅሎቹ ውስጥ የቀሩትን መዝገቦች በዚያው ሳምንት አንድ በአንድ አውጥቼ፣ ሁለቱንም አመልካቾች ኮምፒውተር ላይ አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ተቀምጬ «አልተገኘም» ብዬ አላውቅም። እግሬ ሥር የእንጨት ሳጥን አሠራሁ። ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም፤ ዘግይቼ ነው።

ብርቅነሽ ወር ሳይሞላ ሰማያዊ ጋዋን ሰፍታ አመጣችልኝ። ልኬን አልጠየቀችኝም፤ በዓይኗ ለክታ ነው የሰፋችው፣ እጅጌውም ቁመቱም ልክ ነበር። በሕይወቴ ልኬ የሆነ የሥራ ልብስ የለበስኩት ያኔ ነው። እስከ ጡረታዬ ለበስኩት። የክሷ ጉዳይ ካለቀ ዓመታት አልፈዋል፤ ወንድም ታምራት ሌላ አግብቷል፤ እሷ አላገባችም። በመንገድ ስንገናኝ «እትዬ ታዱ፣ ባለውለታዬ» እያለች ሰው ሁሉ ፊት ትስመኛለች። በሳመችኝ ቁጥር ጉንጬ ይቃጠላል።

ከሽኝቱ በኋላ ያቺ ጭብጨባ እንቅልፍ ነሳችኝ። በሦስተኛው ቀን ጋዋኑን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በፌስታል ይዤ መናኸሪያ ወረድኩ። ብርቅነሽ ስፌት መኪናዋ ላይ ናት። ስታየኝ ብድግ ልትል ነበር፤ ተቀመጪ አልኳት። እኔ ግን ቆምኩ።

«የዚያን ጊዜ መዝገብሽ የነበረው ከአሮጌ ጥቅሎች መካከል አይደለም» አልኳት። «እግሬ ሥር ነው። እግሬን የማሳርፈው እሱ ላይ ነበር። ደብዳቤውን ስሰጥሽም እላዩ ላይ ነበርኩ።»

የመኪናዋ ፔዳል ቆመ። ወደ ገዛ እግሯ አየች፤ ከዚያ ወደ እግሬ አየች።

«አሥራ አንድ ወር ሙሉ?»

«ከዚያም በፊት። አሥራ አንዱንም ወር።»

ጋዋኑን ከፌስታሉ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። ይቅርታ አልኳት፤ ያኔ ማለት የነበረብኝን ሁሉ አልኳት። እጅጌውን በጣቶቿ ዳሰሰችው፤ ተተርትሮ እኔ በእጄ የጠቀምኩትን ቦታ አገኘችና እሱ ላይ ቆየች። አላለቀሰችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ እኮ ነግሬዎት ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «ያን ሰኞ። እንደዚያ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም፣ መዝገባችንን ፊታችን በቀይ ጨርቅ አሰሩት፤ ፖፕሊን ነበር፣ እኔ ጨርቅ አውቃለሁ ብዬዎት ነበር። ቀይ ጨርቅ ይፈልጉልኝ ብዬዎት ነበር። ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። አላስታውስም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ማስታወስ የፈለግሁበት ጊዜ የለም፤ ግን አላስታውስም።

«‹ቀጣይ› ነው ያሉኝ» አለች። ጋዋኑን አጣጥፋ ወደ ጎን አደረገችው፤ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደችና ከኋላዬ በሩ ላይ ቆማ ተራዋን የምትጠብቀውን ተማሪ «ነይ ግቢ» አለቻት።